የደጊቱ ሚዛን

ገና ሳይነጋጋ፣ ሐይቁ ጭጋግ ለብሶ፣
የደቅ ጀልባ ደርሶ ሲያወርድ ቆሮሶ፣
እኔ ቢላ ስስል፣ ቅርፊት ስፈቀፍቅ፣
ወንዶቹ ጀመሩ የዘወትር ጭቅጭቅ።

ለምርጫው ሦስት ቀን፤ ለአስጋሪው ማኅበር
ፕሬዚዳንት ሊሆን ሁለት ሰው ሲፎካከር፣
አንዱ ባዘዘው ነው፣ የሽምብጡ ባለሞተር፣
አንዱ ስጦታው ነው፣ መረብ የሚያከራይ፣ የሚያበድር።

ምንይችል ተነሣ፣ እጁ ግራሶ ነክቶ፣
«ባዘዘው ሐቀኛ!» አለ ድምፁን ከፍቶ፤
«የናፍጣውን ብር ቆጥሮ ነው የመለሰ፣
የናንተው ሰውዬ ስንት ደሃ አስለቀሰ!»

አለኸኝ መረቡን ሲጠግን እንዳለ፣
ክሩን በጥርሱ ይዞ እንዲህ ሲል ቀጠለ፦
«ግማሹን መለሰ፣ ግማሹ የት ገባ?
ደረሰኝ የጻፈው የገዛ ልጁ አይደል፣ ማኅተሙም የሌባ!
‹እምቦጩን ከሐይቁ ጠርጌ አወጣለሁ›
ብሎ ፎቶ ተነሣ፤ ሁለት እፍኝ ነቅሎ፣ እኔ ራሴ አየሁ።»

«የናንተስ? ዘጌ ላይ፣ ገዳም ደጃፍ ቆሞ፣
‹ወለድ አልጨምርም› ሲል ማለ ተሳልሞ፤
ሰኞ የማለውን ማክሰኞ ጨመረ፤
ረቡዕ ‹መቼ?› አለ፣ የሰው ወሬ እንደሰማ ሰው ተገርሞ።»

እነዚህ ሁለቱ፣ አምና ነሐሴ ላይ፣ ቁንዝላ ማዶ ጀልባ ሲገለበጥ፣
በአንድ ጀሪካን ተንጠልጥለው ነው ያነጉት፣
አንዱ «አይዞህ» ሲል፣ አንዱ ሲንቀጠቀጥ።
ዛሬ በጀሪካኑም አልተስማሙ፦
«የባዘዘው ነበር!» «የስጦታው ነው እንጂ!»
ያ ጀሪካን፣ ሁለት ነፍስ ያተረፈ፣ በአፍ ሲሰነጠቅ፣ ሲፈለጥ።

እኔ ግን ታዘብኩኝ፣ ቢላዬን አቁሜ፣
ስንቱን እንደሰማሁ እዚህ ድንጋይ ላይ ቆሜ፦
የኛ ሰው ከዋሸ «ፖለቲካ ያውቃል»፣
የነሱ ሰው ከዋሸ «እናቱም ውሸታም ነበረች» ይባላል።

ባጃጅ ነጂው ቆመ፣ ሒሳብ ሳይቀበል፤
ሻይ የሚያዞረው ልጅ ትሪውን አስቀምጦ «ምን አሉ?» ይላል፤
ፔሊካኑ ብቻ፣ ከረጢት አፉን ከፍቶ፣
ሆድ ዕቃ የምጥልበትን እጄን ይከተላል።

«ደጊቱ ትፍረደን!» አሉኝ ሁለቱም፣
«ሚዛን የያዘ እጅ ማድላት አያውቅም።»

ሚዛን።
ከሳህኑ በታች፣ ዝገቱን መስላ፣ ተጣብቃ የኖረች፣
ከመረብ ግርጌ የነቀልኳት አንዲት እርሳስ አለች።
ከየኪሎው ላይ መቶ ሃምሳ ግራም ታጎድላለች።
አምስት ዓመት ሆናት። ልጅ አስተምራለች።
ምንይችልም ያውቃል፤ «መርቂልኝ» ብሎ አንዲት ዓሣ አንሥቶ ይስቃል።
አለኸኝም ያውቃል፤ መረቡ የሱ ነው።
ለምን እንደሆነም አልጠየቀኝ። ያውቃል።

«እኔን ተዉኝ» አልኩኝ፣ «ዓሣው ሳይሸትብኝ።»
ሳቁ። «ፈርታ ነው» አሉ።
መፍራትስ ፈርቻለሁ፤ እነሱን ግን አይደለም፣
ማንን እንደሆነ ለኔም ሳይገባኝ።

እሑድ ድምፅ ሰጠን። ሣጥኑ የበረዶ ሣጥን ነው፣ ክዳኑ የተበሳ፤
ወረቀቱ ሁሉ ሲቆጠር ይሸታል ዓሣ ዓሣ።
አንዱ አሸነፈ። የተሸነፉት «ተሰረቀ» አሉ።
እምቦጩም ነፋስ ባዘዘው በኩል ሄደ፣
ሥር እንደሌለው ሁሉ።

ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ግን፣ ማንም ሳያየኝ፣ በቢላዬ ጫፍ
እርሳሷን ፈልቅቄ ወረወርኳት ወደ ጭጋጉ አፋፍ።
ለምን? ብዬ ጠየቅኩ፤ መልስ የለኝም እስካሁን።
ምናልባት ያ «ማድላት አያውቅም» ያሉኝ አሳፍሮኝ ይሆን?

ቀድማ የመጣችው እትዬ ትዋበች ናት፤
ዘወትር ለኪሎ አምስት ነው የምጥልላት።
ዛሬ ስድስተኛው ሲገባ ነው መርፌው ኪሎን የነካላት።
ሚዛኑን አየችው። አየችኝ። ዓሣውን አገላበጠች፣
ስንጥቡን ከፈተች፣ አሸተተች።
«ደጊቱ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ይዛ፣
«ምነው ዛሬ እንዲህ በዛ?
የከረመ ነው እንዴ?»
ብላኝ ሄደች፣ ከጎረቤቴ ልትገዛ።